ኦም ብጠይቀው ባል ጠየቀኝ

እጄ እየተንቀጠቀጠ ነው የምጽፈው። መንቀጥቀጥ የነበረበት ሶፋው ነበር።

አዎ፣ ያው የባስ ሼከሩ ጉዳይ ነው፤ ሶፋ ስር ታስሮ የፊልሙን ወፍራም ድምፅ ወደ ንዝረት የሚቀይረው ዕቃ። «አንቺ አሁንም አልጨረስሽም?» የምትሉ ካላችሁ ከዚሁ እለፉት። ዛሬ ምክር አልፈልግም። ዛሬ መሳደብ ነው የምፈልገው።

ገባሁ። ሰላም አልኩ። የሱቁ ሻጭ ዕቃውን አሳየኝ። «ስንት ኦም ነው?» አልኩት። ኦም የኤሌክትሪክ መቋቋም መለኪያ ነው።

«ምኑ?»

«ሼከሩ። 4 ነው 8?»

«እህቴ፣ ኦም ምን ያደርግልሻል? ዋቱን እይ። 400 ዋት!» ካርቶኑን በመዳፉ ቸብ ቸብ አደረገው።

«እሱ ለቅጽበት የሚችለው ነው። ሳያቋርጥ የሚችለውስ?»

ፈገግ አለ። ያቺን ፈገግታ ታውቋታላችሁ። ሕፃን ልጅ «ጨረቃ ለምን ትከተለናለች?» ሲለን የምናሳየው ዓይነት።

«ለምንድነው የፈለግሽው? ለወገብ ነው?»

ለወገብ! ማሳጅ መሰለው! ይባስ ብሎ ጓደኛውን ጠራ። «ና እስቲ፣ ወንበር የሚያንቀጠቅጥ ነው የምትፈልገው።» ተሳሳቁ። ከኋላዬ ወረፋ የያዘው ሰውዬም አብሮ ሳቀ። አንተ ደግሞ ምን አገባህ?

ከዚያ መጣላችሁ፦ «ባለቤትሽን ላኪው፣ ለሱ ላስረዳው።»

ባለቤቴን! አምፖል ስቀይር መሰላሉን ይዞ «ተጠንቀቂ፣ ተጠንቀቂ» የሚለውን ሰው! እወደዋለሁ፣ ነፍሴ ነው። ግን ኦም ብትሉት ዮጋ ይመስለዋል።

ጋራዥ ውስጥም እንዲሁ ነው። መኪናው የኔ፣ ብሩን የምከፍለው እኔ፣ ከፍሬኑ ድምፅ የሚሰማውን የነገርኩት እኔ። መካኒኩ ግን ቀና ብሎ የሚያወራው ከባሌ ጋር ነው። ባሌ ጭንቅላቱን ይነቀንቃል። ምን እንደተባለ ግን አልገባውም። መኪና ውስጥ ከገባን በኋላ «ምን አለ?» ብሎ እኔን ይጠይቀኛል።

ወደ ወንበሩ ልመለስ። ሳቃቸው ነው ያናደደኝ። ወንበር ማንቀጥቀጥ እኮ የኔ ፈጠራ አይደለም! እ.ኤ.አ. በ1959 ሲኒማ ቤቶች ከአንዳንድ ወንበሮች ስር ትንንሽ ሞተር አስረው ተመልካቹን ያስደነግጡ ነበር። በ1974 ደግሞ ሴንሰራውንድ የሚባል ነገር መጥቶ በግዙፍ ስፒከሮች አዳራሹን ያርገፈግፈው ጀመር። አንተ የምትሸጠውን ዕቃ ታሪክ እኔ ላስረዳህ?

ኦሙን የጠየቅኩትም ለጉራ አይደለም። ሁለት ባለ 4 ኦም ሼከር ጎን ለጎን በፓራለል ካገናኘሃቸው አምፑ፣ ጉልበት የሚሰጣቸው ማጉያ፣ የሚያየው 2 ኦም ነው። ኦሙ ባነሰ ቁጥር አምፑ ይበልጥ ስለሚለፋ ብዙ አምፕ ይህን አይችልም። ይግልና ራሱን ያጠፋል፣ ካልታደልክም ይቃጠላል። በሲሪስ አንዱን ከሌላው ካስከተልካቸው ግን 8 ይሆናል፣ በሰላም ይሠራል። ካርቶኑ ላይ የተጻፈው 400 ከዚህ አያድነኝም።

«እሺ ይሁን፣ ከምን ጋር ነው የማገናኘው?» አልኩት፣ ለመስማት ያህል።

«ከሪሲቨሩ የሳብ መውጫ ላይ ትሰኪዋለሽ፣ አለቀ።»

አለቀ! ሪሲቨር የፊልሙን ድምፅ ለስፒከሮቹ የሚያከፋፍለው ሣጥን ነው፣ ሳብ ደግሞ ወፍራሙን ድምፅ የሚያወጣው ስፒከር። የሳብ መውጫ ላይ የሚወጣው እኮ ደካማ ሲግናል ብቻ ነው። ሼከር የሚያንቀሳቅስ ጉልበት የለውም። መሀል ላይ አምፕ ያስፈልገዋል። ይህን የማያውቅ ሰው ነው ባሌን የሚያስረዳው።

ዕቃው የተገኘው እሱ ጋ ብቻ ስለነበር ገዛሁ። ገጣሚም አብሮ ይላካል ተባለ። ተላከ። ጌታዬ፣ ባልተላከ!

ሶፋውን ገለበጠው። ዋናው የእንጨት ፍሬም እዚያው ፊቱ ተጋድሟል፣ ወፍራም፣ ጠንካራ። እሱ ግን ከስር ለሽፋን የተመታችው ስስ ኮምፔንሳቶ ላይ ትራፓኖውን አስነሳ። «እባክህ ፍሬሙ ላይ» ብለው «ይሄ ይሻላል፣ ይበልጥ ይንቀጠቀጣል» አለኝ። ልክ ነው። ኮምፔንሳቶዋ ትንቀጠቀጣለች። ከዚያም በላይ ታንኳኳለች። ሰው ግን ምንም አይሰማውም።

ፊልተር፣ ማለትም ከፍ ያለውን ድምፅ የሚያስቀር ማጣሪያ፣ አላስገባም። «ምንድነው እሱ?» ነበር መልሱ። ውጤቱ ምን መሰላችሁ? ፊልሙ ላይ ጎርናና ድምፅ ያለው ሰው አፉን በከፈተ ቁጥር መቀመጫዬ ይነዝረኛል። ሰውዬው ለልጅቷ ፍቅሩን እየገለጸ ነው፣ የኔ ታፋ ይርገበገባል! ሪሲቨሩ የሁሉንም ስፒከር ዝቅተኛ ድምፅ ሰብስቦ ወደ ሳብ ይልካል፤ የወንድ ድምፅ ወፍራሙ ክፍል ደግሞ 100 ሄርዝ አካባቢ ስለሆነ አብሮ ሾልኮ ይገባል። ሼከሩን በፊልተር 50 ሄርዝ ላይ ብትቆርጡት፣ ከዚያ በላይ ያለው ንግግር ይጠፋል፣ ፍንዳታው ይተርፋችኋል። ይኸው ነው። ገጣሚው ግን ምን አለኝ? «ይለመዳል።»

የሶፋው እግር ስር ጎማም አላደረገም። እኔ ይህን ሁሉ ጣጣ ውስጥ የገባሁት ማታ ሰው ሳልቀሰቅስ ፊልም ለማየት ነበር። ያለ ጎማ ንዝረቱ በእግሩ በኩል ወደ ወለሉ ይወርዳል። ታች ያሉት ጎረቤቶች ምንም ሳይከፍሉ ሲኒማ ገብተዋል። እኔ ሶፋው ላይ ከማገኘው እነሱ ኮርኒሳቸው ላይ የሚያገኙት ሳይበልጥ አይቀርም።

ሁሉንም ፈትቼ ራሴ ገጠምኩት፣ ፍሬሙ ላይ። ጎማ አስገባሁ። ድምፁን በፊልተር ቆረጥኩት። ጥሩ ነው፣ ውሸት አልናገርም፣ አንዳንዴ በጣም ጥሩ ነው። ትንንሾቹ ሼከሮች ግን አንድ የሚወዷት ኖታ አለቻቸው። እሷ ስትመጣ ያብዳሉ፣ ሌላው ሲመጣ ያንቀላፋሉ። እሷን በኢኩዋላይዘር፣ በድምፅ ማስተካከያ፣ ዝቅ ማድረግ የግድ ነው።

ሰዓቱም አለ። ድምፅ በሰከንድ 343 ሜትር ያህል ነው የሚሄደው። ሳቡ 3 ሜትር ከራቀኝ ድምፁ ጆሮዬ እስኪደርስ 9 ሚሊሰከንድ ገደማ ይፈጃል። ሼከሩ ግን ከስሬ ነው፣ አይጠብቅም። መጀመሪያ ወገቤ ይመታል፣ ከዚያ ሳቡ ምን እንደፈነዳ ይነግረኛል። ሼከሩን ማዘግየት ያስፈልጋል፤ የኔ አምፕ ደግሞ ማዘግየት የሚባል ነገር የለውም። ዲኤስፒ፣ ድምፅ የሚያዘገይና የሚያስተካክል ዕቃ፣ ግዢ ማለት ነው። ዲኤስፒ ግዢ ማለት ደግሞ...

አይ፣ እዚያ ሱቅ አልመለስም። ሞቼ ነው።

የባሌ ወንድም ትናንት መጥቶ ተቀመጠበት። እኔ እንዳይታወቅ አድርጌ ያስተካከልኩትን «ኧረ አይሰማም» ብሎ የአምፑን ቁልፍ እስከ መጨረሻው አዞረው። ሼከሩ ቋ! ቋ! ቋ! ማለት ጀመረ፣ ውስጡ ያለው ነገር መጨረሻው ላይ እየተላተመ። እሱ ደስታውን አልቻለውም። «አሁን ገና!» አለ። ባሌም አብሮት ሳቀ። ለነዚህ ሁለት ሰዎች ነው ሻጩ ሊያስረዳ የነበረው።

የሚተጣጠፈውን ወንበር ገና አልነካሁትም። የሱ ፍሬም ይንቀሳቀሳል፣ ወደ ኋላ ሲለጠጥ ገመዱን ብረቱ ይነክሰዋል፣ ሼከር የሚታሰርበት ቦታም እጅ አያስገባም። ስለሱ ነገ እጮሃለሁ።