የጨረታ ቅሬታ በርጫ ላይ አይቅር

ድሬዳዋ ውስጥ ጨረታ የተሸነፈ ነጋዴ ቅሬታውን የት እንደሚያሰማ ሁላችንም እናውቃለን። ከሰዓት በኋላ፣ ጫት እየተቃመ በሚወራበት በርጫ ላይ። ማን እንዳሸነፈ፣ በምን እንዳሸነፈ፣ ከኮሚቴው ውስጥ ማን የማን ዘመድ እንደሆነ ይወራል። እውነቱም ሐሜቱም አብሮ ይነሳል። ማታ ሁሉም ወደየቤቱ ይገባል። መዝገብ ቤት የደረሰ ወረቀት ግን የለም።

ይህ ልማድ ከተማችንን እየጎዳት ነው ብዬ አምናለሁ። የተሸነፈ ተጫራች «ለምን ተሸነፍኩ?» ብሎ በጽሑፍ ሲጠይቅ ጠብ እየፈለገ አይደለም። የሕዝብ ገንዘብ በትክክል መውጣቱን ከእሱ የተሻለ የሚያይ ሰው የለም። ሰነዱን ገዝቶ አንብቧል፣ የገበያውን ዋጋ ያውቃል፣ የተፎካካሪዎቹንም አቅም ያውቃል። ኦዲተር ከዓመት በኋላ የሚያገኘውን እሱ በዚያው ሳምንት ያገኘዋል።

የእንጨትና የብረታ ብረት ወርክሾፕ ያለው አንድ ወዳጄ በቅርቡ ለአንድ መሥሪያ ቤት የተማሪ ዴስክ ለማቅረብ ተጫርቶ ነበር። ጨረታው ሲከፈት የሁሉም ዋጋ ጮክ ተብሎ ተነበበ። ዝቅተኛው የእሱ ነበር። ከሳምንታት በኋላ ሌላ ድርጅት ማሸነፉን ከሰው ሰማ። ሄዶ ሲጠይቅ «ቴክኒኩን አላሟላህም» ተባለ። ምኑን እንዳላሟላ የሚነግረው አጣ። ጓደኞቹ «ተወው አቦ! ነገም ሌላ ጨረታ አለ፣ ስምህን አታስጠቁር» አሉት። እሱ ግን አንድ ገጽ ቅሬታ ጽፎ አስገባ።

መልሱ በጽሑፍ መጣ። ያቀረበው የብረት ቱቦ ውፍረት በስፔሲፊኬሽኑ ከተጠየቀው ያነሰ ነበር። ሰነዱን አውጥቶ አስተያየው። መሥሪያ ቤቱ ልክ ነበር።

እኔን ያናደደኝ ይሄኛው ነው። በእጃቸው ንጹሕ መልስ ነበራቸው። በመጀመሪያው ቀን በአንድ መስመር ቢጽፉለት ኖሮ ሰውየው ለሳምንታት «ተሸጬ ነው» እያለ አይብሰለሰልም ነበር። በርጫ ላይ የሰሙትም ሁሉ መሥሪያ ቤቱን በሙስና አይጠረጥሩም ነበር። በትክክል የሠራ ኮሚቴ ምክንያቱን ባለመጻፉ ብቻ ከሌባ ጋር ተቆጠረ።

ሕጉ ይህን አስቀድሞ አስቦበታል። ለዓመታት ሲሠራበት የቆየው የፌደራል መንግሥት የግዥና ንብረት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 649/2001 ለተሸናፊው የሚላከው ደብዳቤ ያልተመረጠበትን ምክንያትና አሸናፊው ማን እንደሆነ እንዲገልጽ ያዝዝ ነበር። ቅር የተሰኘ ተጫራች ጉዳዩን ካወቀበት ወይም ማወቅ ከነበረበት ቀን ጀምሮ በ5 የሥራ ቀናት ውስጥ ለመሥሪያ ቤቱ የበላይ ኃላፊ በጽሑፍ ማመልከት ይችል ነበር። ኃላፊው ግዥውን አግዶ በ10 የሥራ ቀናት ውስጥ ውሳኔ መስጠት ነበረበት። ውሳኔ ካልመጣ ወይም ካላረካ ደግሞ በ5 የሥራ ቀናት ውስጥ የግዥ ቅሬታ ወደሚያይ ቦርድ ይኬድ ነበር። ይህን አዋጅ በ2016 ቁጥር 1333/2016 ተክቶታል። ከተሞችና ክልሎችም የየራሳቸው ደንብ ስላላቸው ጨረታው በየትኛው ሕግ እንደሚመራ ተጫራች ገና ሰነዱን ሲወስድ ይጠይቅ።

በአዋጅ 649 የነበረው 5 የሥራ ቀን አጭር ነው። ደብዳቤው ዘግይቶ ከደረሰ፣ ወይም ውጤቱ በአፍ ብቻ ከተነገረ፣ መቼ መቆጠር እንደጀመረ ራሱ ጭቅጭቅ ይሆናል። «ጊዜው አልፎብሃል» ተብሎ የሚመለሰው ከባድ ማስረጃ የያዘውም ሊሆን ይችላል። ምክንያቱን ሳያውቅ ምን ብሎ ይጻፍ? «ተበድያለሁ» ብሎ ብቻ የጻፈ ደግሞ ቅሬታው ውድቅ ሲደረግበት ሊገርመው አይገባም። የትኛው መስፈርት፣ በየትኛው ገጽ፣ እንዴት እንደተጣሰ መጻፍ አለበት።

ከመሥሪያ ቤቶች በኩል የሚነሳው ስሞታም እውነት አለው። ሥራው እንዲጓተት ብቻ ቅሬታ የሚያስገባ አለ። በዋጋ በግልጽ ተሸንፎ ተፎካካሪውን ለማድከም የሚጽፍም አላጣንም። መሥሪያ ቤቱ የመረጠውን የግዥ ዘዴ በራሱ የሚቃወም ቅሬታ ደግሞ ከመጀመሪያውም በአዋጅ 649 አይፈቀድም ነበር። ግን ለክፉው ሰው መድኃኒቱ ፈጣንና በምክንያት የተደገፈ ውሳኔ ነው። ባዶ ቅሬታ በሁለት ቀን ሊዘጋ ይችላል።

ፍርሃቱ ነው ትልቁ ነገር። ከተማችን ትንሽ ናት። ኮሚቴው ውስጥ ያለው ሰው ጎረቤት ነው፣ የትምህርት ቤት ጓደኛ ነው፣ ሠርግና ለቅሶ ላይ የምንገናኘው ነው። ቅሬታ ማስገባት ሰውየውን በስሙ መክሰስ ይመስላል። በዚያ ላይ በሲፒኦ (ባንክ በሚያረጋግጠው የክፍያ ማዘዣ) ያስያዘው ገንዘብ ቶሎ እንዲመለስ የሚፈልግ ነጋዴ ነገሩ እንዲራዘም አይወድም። ለአብዛኛው አነስተኛ ድርጅት ያቺ ገንዘብ የሚቀጥለው ጨረታ ማስያዣ ናት። ይህን ስጋት እረዳለሁ። ግን ተጫራችን የሚያሳግደው እንደ ሐሰተኛ ሰነድ ማቅረብ ያለ ጥፋት ነው። በቅንነት መጠየቅ ጥፋት አይደለም። መሥሪያ ቤቶች ይህን በግልጽ ሊናገሩት ይገባል።

ድሬዳዋ ላይ ጉዳዩ ከገንዘብም ያልፋል። በ1998 ክረምት የደቻቱ ወንዝ ሞልቶ ከ200 በላይ ሰው ወስዶብናል። ከዚያ ወዲህ የጎርፍ መከላከያ፣ የውኃ መውረጃ፣ የድልድይ ሥራ ሲታሰብ ማን እንደሚሠራው መጠየቅ የሁላችን ጉዳይ ነው። አቅም የሌለው ተቋራጭ በወዳጅነት ካለፈ፣ ያንን ቀድሞ አይቶ የሚናገረው የተሸነፈው ተቋራጭ ነው። እሱን ዝም ማሰኘት ሁላችንንም አደጋ ላይ ይጥላል።

ጋዜጣ ላይ የምናየው እያንዳንዱ የጨረታ ማስታወቂያ «ጨረታውን በሙሉም ሆነ በከፊል የመሰረዝ መብቱ የተጠበቀ ነው» ብሎ ያበቃል። የመሥሪያ ቤቱ መብት ሁሌም ተጽፎ ይወጣል። እዚያው ሥር አንድ መስመር ይጨመር፦ ቅር የተሰኘ ተጫራች በስንት ቀን ውስጥ፣ ለማን፣ በየትኛው ቢሮ እንደሚያመለክት። የውጤት ደብዳቤዎችም የእያንዳንዱን ተሸናፊ ምክንያት ይዘው በአንድ ቀን ይውጡ፣ ሲረከቡም ቀኑ ተጽፎ ይፈረምበት። የቅሬታው ጊዜ ሳያልፍ ውል አይፈረም። ምን ቅሬታ ቀርቦ ምን እንደተወሰነም የነጋዴው ስም ሳይጠቀስ በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ይለጠፍ። ወዳጄ እንደዚያ ያለ ውሳኔ ቀድሞ አንብቦ ቢሆን ኖሮ ዋጋውን ከማስላቱ በፊት የቱቦውን ውፍረት ያይ ነበር።