ጭብጨባ ይጨመርላቸው!

ሰሞኑን ወሎ ውስጥ አንድ ገበያ ሙሉ በሙሉ ሊወድም ነበር። የትኛው ከተማ እንደሆነ አልናገርም። የነበራችሁ ታውቁታላችሁ። ያልነበራችሁም በስልካችሁ ቀጥታ ስርጭት ተከታትላችሁታል። ቆርቆሮ ቆርቆሮን የተደገፈበት ገበያ ነው። ፍራሽ ቤቱ ከጫማ ቤቱ፣ ጫማ ቤቱ ከዘይት ቤቱ ጋር ተያይዞ ቆሟል። የእሳት አደጋ ልጆች ሌሊቱን ሲታገሉ አድረው አተረፉት። ጎህ ሲቀድ ሄደው ተኙ። እኛ ደግሞ ዋናውን ሥራ ጀመርን፤ ምስጋናውን።

መቼም በምስጋና አንታማም።

ፕሮግራሙ በአዳራሽ ነበር። ባነሩ ላይ አመስጋኞቹ በጉርድ ፎቶ በትልቁ ወጥተዋል። ተመስጋኞቹን የወከለችው ጥግ ላይ የተለጠፈች አንዲት ቀይ መኪና ናት። እሷም የኛ አይደለችም፤ ከኢንተርኔት የወረደች የሰው አገር መኪና ናት። መሰላሏ የከተማውን ፎቅ ሁሉ ይንቃል። ንግግር ተደረገ። ንግግሩን ለማመስገን ሌላ ንግግር ተደረገ። ባለጉዳዮቹ ከኋላ ወንበር ላይ ያንቀላፋሉ፤ ግማሾቹ ከአዳር ተረኝነት በቀጥታ የመጡ ናቸው። ከዚያ በየስማቸው እየተጠሩ ፍሬም ውስጥ የገባ የምስክር ወረቀት ተቀበሉ።

አንዱ ልጅ ፍሬሙን እንደታቀፈ እጁን አወጣ። «የአደጋ አበላችን ነገር የት ደረሰ?» አለ። አዳራሹ ጭጭ። መድረክ መሪው ግን የዋዛ ሰው አልነበረም። «በጣም ጥሩ ጥያቄ ነው! እስኪ ጀግኖቻችንን በድጋሚ፣ በሞቀ ጭብጨባ!» አለ። ተጨበጨበ። ጥያቄውም በዚሁ ተመለሰ።

ይህን ሰው አለማድነቅ አይቻልም። ሌላው ዓለም የባለሙያ ክፍያ ነገር ጨንቆት ማኅበር ያቋቁማል፣ ይደራደራል፣ አድማ ይመታል። እኛ በሁለት መዳፍ ጨረስነው። ጭብጨባ በጀት አይፈልግም። ዶላር አይፈልግም። ኦዲተርም አይጠይቀውም።

ታዲያ እንዲህ ያለ ግኝት በአዳራሽ ብቻ ለምን ይቀራል? ደመወዙ ራሱ በጭብጨባ ይሁን። ከመስከረም 2018 ጀምሮ የመንግሥት ሠራተኛ ዝቅተኛው ደመወዝ 6,000 ብር ሆኗል አይደል? ከዚያው እንነሳ። ወር ሲደርስ የእሳት አደጋው ልጅ ገንዘብ ያዧ መስኮት ላይ ይቆማል። እሷም እጅጌዋን ሰብስባ 6,000 ጊዜ ታጨበጭብለታለች። መሀል ላይ ካስነጠሳት ከአንድ ትጀምራለች፤ የመንግሥት ሒሳብ ነው፣ መሳሳት የለም። ከመቶው ሰባቱ ለጡረታ ይቆረጣል፤ አሠሪው 11 ይጨምርበታል፤ ሕግ ሕግ ነው። በ60 ዓመቱ ጡረታ ሲወጣ በየወሩ አንድ ሠራተኛ ደጁ ድረስ እየመጣ ቀስ ብሎ ያጨበጭብለታል።

ልጁ ደመወዙን ተቀብሎ እህል በረንዳ ይሄዳል። 20 ኪሎ ጤፍ ያስመዝናል። ማጨብጨብ ይጀምራል። ነጋዴው ጆሮውን ጣል አድርጎ ይሰማል። «ይሄኛው ባዶ ነው፣ ድምፁ አይሞላም፣ ቀይርልኝ» ይላል። መልስ ከተረፈ ደግሞ ችግር ነው። ግማሽ ጭብጨባ እንዴት ይሰጣል? ጣት ማጮህ እንደ ዝርዝር ይቆጠር ይሆናል። ቤት አከራይዋ በበኩላቸው ጭብጨባውን የስድስት ወር ቅድሚያ ነው የሚፈልጉት። ልጁ ግቢው መሀል ቆሞ እስከ እኩለ ሌሊት ያጨበጭባል። ጎረቤት ሠርግ ያለ መስሎት ብቅ ይላል።

ስለ ሠርግ ካነሳን አይቀር፣ በሠርግ ወር ጭብጨባ ገበያው ላይ ይበዛና ይረክሳል። ግሽበት ማለት ይኼ ነው። በጾሙ ወራት ደግሞ ይወደዳል። አስተዋይ ሠራተኛ የጥርን ጭብጨባ ቆጥቦ ለሁዳዴ ያቆያል። ባቲ ሰኞ ገበያ ላይ ግመል ሊገዛ የሄደ ሰው ግን ይቸገራል። ከቆላ የመጣው ባለ ግመል ጭብጨባውን እስከ መጨረሻው በትዕግሥት ያዳምጣል። ከዚያ «ማሻአላህ፣ ጎበዝ ነህ» ብሎ ግመሉን አስነስቶ ይሄዳል።

ወሎ ሆነን ደግሞ በዚህ ሀብት ማን ይበልጠናል? ባቲና አምባሰል የሚባሉት ቅኝቶች የኛን አገር ስም ነው የያዙት። የትርፍ ሰዓቱን በአምባሰል እንክፈል። የአደጋ አበሉን በባቲ። የትራንስፖርቱን በአንቺሆዬ። ውዝፉን ደግሞ፣ ያው፣ በትዝታ።

አሁን ቀልዱን ላቁመው፤ ነገሩ ያንገበግበኛል።

ያ ገበያ ውስጥ የነደደው ስፖንጅ ፍራሽ ነው። ስፖንጅ ሲነድ ሳያናይድ የሚባለውን መርዝ ይተፋል። ካርቦን ሞኖክሳይድ ደግሞ አይታይም፣ አይሸትም፤ ነበልባል ሳይነካህ ይጥልሃል። ለዚህ ነው ባለሙያው የሚተነፍሰውን አየር በጀርባው አዝሎ የሚገባው። ያ ሲሊንደር በከባድ ሥራ ላይ ላለ ሰው ግማሽ ሰዓት ቢያቆየው ነው። መተንፈሻው፣ ልብሱ፣ ቆቡና ጫማው ሲደመር ከ20 ኪሎ ያልፋል። ይኼ እንግዲህ ዕቃው ሲኖር ነው። ሳይኖርስ? ሳይኖር ፎጣውን ውሃ ነክሮ አፍንጫው ላይ ያስራል። እርጥብ ፎጣ ካርቦን ሞኖክሳይድን አያግድም! ይህን የማያውቅ አለቃ ካለ ከቦታው ይነሳ። አውቆ ዝም ያለ ካለ ደግሞ ምን እንደሚባል እናንተ ጨምሩበት። በ2022 እንደ ፈረንጆቹ፣ የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ የእሳት አደጋ ሥራን ራሱን ካንሰር አምጪ ብሎ መድቦታል። ከሲጋራና ከአስቤስቶስ ጋር አንድ መደብ ውስጥ ነው ያስገባው። እኛ ለዚህ የምንሰጠው ፍሬም ነው። ፍሬሙንስ የት ይሰቅለዋል? ኪራይ ቤት ግድግዳ ላይ ሚስማር መምታት ክልክል ነው። የሞተ ቀን የሚደርስለት ቅሬው፣ ማለትም ዕድሩ ነው። ቅሬው ደግሞ ወርኃዊ መዋጮውን በምስክር ወረቀት አይቀበልም።

ይቅርታ፣ ወደ ምስጋናችን።

ሌላው ሊሞገስ የሚገባው ቆሞ የሚያየው ሰው ነው። በአንድ እጁ ስልክ፣ በሌላው እጁ አስተያየት። መኪናዋ ስትደርስ «ዘገያችሁ» ይላል። መንገዱን የዘጋው የሱ ባጃጅ ነው። ውሃው ሲያልቅ «ድሮም ባዶዋን ነው የመጣችው» ይላል። 5,000 ሊትር የጫነች መኪና በደቂቃ 500 ሊትር በሚረጭ አንድ ቱቦ በአሥር ደቂቃ እንደምትራገፍ ለመቁጠር ጊዜ የለውም፤ ላይክ እየቆጠረ ነው። ጦሳ ተራራ ሥር በተሰቀሉት የደሴ ሰፈሮች፣ መኪና በማይገባበት ቅያስ፣ ያንን ቱቦ በትከሻው ተሸክሞ ሽቅብ የሚሮጠውን ልጅም በቪዲዮ አስቀርቶታል። ከሥር «ጀግና!» ብሎ ጽፏል። እሳት ምልክትም አድርጎበታል፤ ሦስት።

ሹፌሩንም አንርሳው። ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ ጥሪ ሲመጣ በሐረጎ ጠመዝማዛ ነው የሚወርደው። 5,000 ሊትር ውሃ 5 ቶን ነው። ታንኩ ካልሞላ ደግሞ ይብሳል፤ ውሃው ኩርባው ላይ ወደ አንድ ጎን ይዘምትና መኪናዋን ሊጥላት ይታገላል። ፍጥነት ቢቀንስ ገበያው ይነዳል፣ ቢጨምር ገደል ይገባል። እኛ ለዚህ ሰው ያለን ስም «ሹፌር» ነው። ደመወዙም የሹፌር። እርከኑም የሹፌር። አለቃውን ቢሮ አድርሶ ቡና እየጠጣ የሚጠብቀውም ሹፌር ነው፤ እኩልነት ማለት ይኼ ነው።

«ሥራውን ሲመርጡት አያውቁትም ነበር?» የሚል ጠቢብም አለ። ለሱ መልስ የለኝም። ቤቱ እንዳይቃጠል ዱአ አደርግለታለሁ።

ነገሩ በእሳት አደጋ ብቻ ቢያበቃ ጥሩ ነበር። ደላንታ ውጡ። ወገል ጤና አካባቢ ኦፓል የሚባለው የከበረ ድንጋይ መቆፈር ከጀመረ ዓመታት አልፈዋል፤ በዓለም የሚታወቅ ድንጋይ ሆኗል። የሚገኘው ግን ከደጋው ጫፍ ቁልቁል ወርዶ፣ ገደሉ ወገብ ላይ ነው። ወጣቱ በእጅ መሣሪያ ዋሻ ፈልፍሎ ይገባል። ጣሪያውን የሚደግፍለት ነገር የለም፣ ካለም ለስሙ ነው። በ2016 ዋሻ ተንዶ ቆፋሪዎች ውስጥ ቀሩ ሲባል አገሩ ሁሉ ደነገጠ፣ አዘነ፣ ለጠፈ። ከዚያ ወደ ሥራው ተመለሰ። ድንጋዩ በካራት ይመዘናል። ቆፋሪው በምርቃት።

እንግዲህ የአፍ ዘመድ በገበያ አይጠፋም ይባል የለ? እኛ ሠልጥነን አዳራሽ አስገባነው፤ ባነር ሰቀልንለት፤ የታሸገ ውሃ አደልንበት። የዚያን ቀን ፕሮግራም ወጪ ማን እንደሸፈነ አላውቅም። ባነሩ፣ አዳራሹ፣ ድምፅ ማጉያው፣ ቪዲዮ ቀራጩ፣ የክብር እንግዶቹ ምሳ። ምሳው ላይ ቁርጥ ነበር አሉ። ተመስጋኞቹ አልበሉም፤ ተረኛ ነበሩ። በዚያ ገንዘብ ስንት ጥንድ ጓንት ይገዛ እንደነበር ለማስላት ሞክሬ ተውኩት። የደም ግፊቴ አይፈቅድም።

አዳራሹ ውስጥ ካጨበጨቡት መሀል አንዱ የኛ ሰፈር ሰው ናቸው፤ ከተረፉት ሱቆች አንዱ የሳቸው ነው። ከልባቸው ነው ያጨበጨቡት፣ አይቻለሁ። በሳምንቱ የቤታቸው ቆጣሪ ጋ ያለው ገመድ ቀልጦ ይጨስ ጀመር። ቤተሰቡ ሁሉ ወደ ውጭ ወጣ። አንድ የኤሌክትሪክ ባለሙያ ልጅ ተጠራ። መጣ፣ ዙሪያውን አየ፣ ማብሪያ ማጥፊያ ዘጋ፣ ቆረጠ፣ ቀጠለ፣ ለካ። ቤቱ በራ። ልጁ 1,500 ብር አለ።

«ለአሥር ደቂቃ?» አሉ ጋሼ። አሥሩን ደቂቃ ያሳለፉት ከበሩ ማዶ፣ ጎማ ጫማ አድርገው፣ የመጥረጊያ እንጨት ይዘው ነው።

ልጁ ዝም አለ። ጋሼም ወደለመዱት መንገድ ገቡ። «አንተ እኮ ጀግና ነህ! እሳት ውስጥ እጅህን ከተትክ! እንዳንተ ያለውን ያብዛልን። እጅህን ክፉ አይንካው። ልጆችህ ይደጉልህ።»

«አሜን፣ አሜን ጋሼ» አለ ልጁ፣ ፒንሳውን ወደ ቦርሳው እየከተተ። «በካሽ ነው በቴሌብር?»

ምርቃቱ ቀጠለ። አሜኑም ቀጠለ። በመጨረሻ በ1,200 ተስማሙ። 300ው በአሜን ተወራርዷል።