የሂሳብ ቁጥሩ እኮ እጃችን ላይ ነው

የእህቴን ልጅ በመተማ ያሻገረው ደላላ «ሊቢያ ሳትደርስ አምስት ሳንቲም አትከፍልም» ብሎት ነበር። ደረሰ። ከዚያ ሊቢያ ውስጥ ባኒ ዋሊድ ከተማ ካለ መጋዘን ስልክ መጣ። እየገረፉት «እማዬ፣ ላኪላቸው» ይላል። እህቴ እዚያው ወደቀች።

ማስለቀቂያውን በየት በኩል ላኩ ቢሉን ጥሩ ነው? እዚሁ አገራችን፣ እኔና እናንተ በምንሰለፍበት ባንክ በተከፈተ ሂሳብ! በሬ ተሸጠ። ዕቁብ ተለመነ። ፎቶውን ይዘን ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ቆምን። ከፈልን። የባለሂሳቡ ስም ከነአባቱ ደረሰኙ ላይ አለ።

ደረሰኙን ይዘን ፖሊስ ጋ ሄድን። «ወንጀሉ የተፈጸመው ውጭ አገር ነው» ተባልን። ሌላ ቢሮ ስንሄድ «ይሄ የፌዴራል ጉዳይ ነው»። ፌዴራል ስንደርስ «መጀመሪያ በየአካባቢያችሁ አመልክቱ»። ደረሰኙን ተቀብሎ ያነበበ አንድ ሰው የለም።

እኔ የሕግ ሰው አይደለሁም። ንዴት ነው ያስነበበኝ። አዋጅ ቁጥር 1178/2012 በሰው ለሚነግድ ከ7 እስከ 12 ዓመት እስር ይላል፤ ተጎጂው ሴት ወይም ሕፃን ከሆነ ከ10 እስከ 20። የወንጀል ገንዘብን ሕጋዊ አስመስሎ ማቅረብን የሚከለክለው ሕግ ደግሞ ከ2005 ጀምሮ መርማሪ በፍርድ ቤት ትእዛዝ የባንክ ሂሳብ እንዲከታተል፣ ስልክ እንዲጠልፍ ፈቅዷል። (ትእዛዙ መኖሩ ደግ ነው፤ ማንም ተነስቶ የሰው ስልክ እንዲያዳምጥ አልፈልግም።) በ2017 በወንጀል የተገኘ ንብረትን የማስመለስ አዋጅም ወጣ። ታዲያ ሥልጣኑ ካለ ምን ይጠበቃል?

ኪዳኔ ዘካርያስን አስታውሱ። ስንቱን በሊቢያ መጋዘኖች ያሰቃየው ኤርትራዊ። አዲስ አበባ ተይዞ፣ ክሱ እየታየ ሳለ በ2013 አመለጠ። ዕድሜ ልክ የተፈረደበት በሌለበት ነው። በ2015 ሱዳን ውስጥ ተያዘ። እንዴት? የኤምሬትስ ፖሊስ በወንድሙ በኩል የሚዘዋወረውን ገንዘብ ዱካ ተከትሎ! በጥይት አይደለም፣ በድሮንም አይደለም። ብሩን ተከትለው ነው ሰውየው ዘንድ የደረሱት።

የእኛ ደረሰኝ ላይ ያለው ዱካ ከዚህ በምን ያንሳል? አንድ መርማሪ አንድ ቀን ባንኩ ጋ ቢሄድ ማን እንዳስገባ፣ ማን እንዳወጣ ያያል። የስንት እናት ስም እዚያ ተደርድሮ ይሆን!

ትናንት ማታ ደግሞ ሌላ ስልክ መጣ። ልጁን ለሌላ አሳልፈው ሸጠውታል። አዲሱ ሰውዬ እንደገና ክፈሉ አለን፣ የሂሳብ ቁጥርም ላከ። ከደረሰኙ ጋር አስተያየሁት። ያው ቁጥር ነው።