ቆራሌው ሳይደርስባት

የሞተች ልብስ ማጠቢያ ማሽን እኛ ቤት ወዲያው አትቀበርም። መጀመሪያ ከሻወር ቤት ወደ በረንዳ ትወጣለች፤ ከዚያ ዳንቴል ትለብሳለች፤ አናቷ ላይ የአበባ ማሰሮ ይቀመጥባታል። ከዓረብ አገር የላከቻት እህት ስትደውል "ደህና ናት" ይባላል። እንዲህ ሁለት ክረምት ካሳለፈች በኋላ፣ አንድ እሑድ ከሰዓት አባወራው ሁለተኛውን ቡና ፉት እያለ አፈጠጠባትና "ሞተሯ እኮ ይሠራል!" ይላል። በዚያ ቤት ከተነገሩ ዓረፍተ ነገሮች ሁሉ እንደዚህ ገንዘብ ያስወጣ የለም።

ሞተሩ ምን ይሠራል? ባለቀበቶ መሞረጃ። ቢላ፣ መጥረቢያ፣ ማጭድ፣ መሮ ይስላል፤ የብየዳ እብጠት ያስተካክላል። በወረቀት ላይ ሲታይ የልጅ ሥራ ነው፦ ሦስት ፑሌጃ፣ በላያቸው የሚዞር ክብ የብርጭቆ ወረቀት። አንዱ ፑሌጃ ሞተሩ ላይ ተገጥሞ ይነዳል፤ ሁለተኛው ይከተላል፤ ሦስተኛው ቀበቶውን ይወጥራል፣ ዘንበል ቀና እያለም መስመር ያስይዛል። ቀሪው የቱቦላሬ ብረትና ትዕግሥት ነው። ቱቦላሬው ምናለሽ ተራ ይገኛል።

ሞተር ሁሉ ግን አንድ አይደለም። ከፊት የምትከፈተው አውቶማቲክ ማሽን ብዙ ጊዜ ባለካርቦን ሞተር አላት። ጎኑ ላይ ሁለት ካርቦን (ኤሌክትሪክ ወደሚዞረው ክፍል የሚያሻግር ጥቁር ቁራጭ) ከታየ፣ ስድስት ሰባት ሽቦም ከወጣ እሱ ነው። ይህን ሞተር ያለ ፍጥነት መቆጣጠሪያ በ220 ቮልት በቀጥታ ማስነሳት ጅብን ከፍየል ጋር ማሳደር ነው። ጭነት ከሌለው የሚገታው ስለሌለ በደቂቃ ከ10,000 ዙር አልፎ ይበራል፤ የተገጠመለት የእንጨት ፑሌጃ ይበተንና ግድግዳ ይወጋል። "እኔ በቀጥታ ሰጥቼው ሠርቷል" የሚል ጎረቤት በየሰፈሩ አይጠፋም። ሰውየው ይህን ሲናገር የት እንደቆመ ማየት ነው፤ አንድ እግሩ ሁልጊዜ ከበሩ ውጭ ነው።

የሚፈለገው ካርቦን የሌለው፣ ካፓሲተር (ኤሌክትሪክ አጠራቅሞ ሞተሩን ለማስነሳት የሚረዳ ዕቃ) ያለው ሞተር ነው። ማጠቢያውና መጭመቂያው ለየብቻ ከሆነው፣ ከላይ ከሚከፈተው ማሽን የማጠቢያው ሞተር እንዲህ ያለ ነው፤ በደቂቃ 1,400 ዙር አካባቢ ይዞራል። ጉልበቱ ትንሽ ነው፤ ቢላ ይስላል እንጂ ከፌሮ ላይ ቢላ አይቀርጽም። ከዚህ የሚሻለው፣ ውሃ መግፋት አቅቶት የተጣለ የቤት ውሃ ፓምፕ ዲናሞ ነው። የ0.5 ፈረስ ጉልበቱ ወደ 370 ዋት ይሰጣል፤ 2,800 ዙር አካባቢ ይሄዳል፤ ከሁሉም በላይ ገላው የተዘጋ ነው። የማጠቢያዋ ሞተር ክፍት ስለሆነች የብረት ብናኝ ወደ ሆዷ ስባ ጠመዝማዛ ሽቦዋን ታቃጥላለች። እሷን የመረጠ ሰው በሞተሩና በቀበቶው መካከል የላሜራ ግድግዳ ያቁም፤ አየሩን ከንጹሕ በኩል እንድትስብ ያድርግ።

ፍጥነቱን ማስላት የፈለገ ሞተሩ ላይ ያለውን ፑሌጃ ዲያሜትር (የክቡን ስፋት) በሜትር ይዞ በ3.14 ያባዛል፣ በዙሩ ያባዛል፣ ለ60 ያካፍላል። 100 ሚሊሜትር ፑሌጃ በ1,400 ዙር ቀበቶውን በሰከንድ 7.3 ሜትር ያስኬዳል፤ በ2,800 ዙር 14.7 ሜትር። ለመሳል የመጀመሪያው ይበቃል። ስለቱ ቶሎ አይግልም፤ ጀማሪም እጁን ለመሰብሰብ ጊዜ ያገኛል።

ፑሌጃው ቶርኖ ቤት በአሉሚኒየም ቢወጣ እሰየው። ገንዘቡ ካለቀ ግን (እስከዚህ ድረስ ያላለቀበት ሰው ብርቅ ነው) ሦስት የ18 ሚሊሜትር ኮምፔንሳቶ ክብ ቆርጦ በኮላ ማጣበቅ ነው፤ 54 ሚሊሜትር ይሆናል፣ 50 ሚሊሜትር ቀበቶ ይሸከማል። ኮላው ቀን ሙሉ ታስሮ ይደር። ከዚያ ሞተሩ ላይ ተገጥሞ እየዞረ፣ ጠንካራ ድጋፍ ላይ በተያዘ መሮ፣ ቀጥሎም በሻካራ ብርጭቆ ወረቀት ክብነቱ ይስተካከላል። በመጨረሻ ቨርኒሽ ይቀባል፤ ያልተቀባ እንጨት ሐምሌ ላይ እርጥበት ጠጥቶ ያብጥና ማሽኑ እንደ አሮጌ አውቶብስ ይንገጫገጫል።

እዚህ ላይ ግቢው በሰው ይሞላል። የሰፈር መሐንዲስ ብየዳ ሲሸተው ይመጣል። በር አያንኳኳም፤ "እግዜር ይስጥልኝ፣ ቡና አልጠጣም" እያለ ይቀመጣል፣ ሦስት ስኒ ይጠጣል። ለሁሉም መልስ አለው፤ አንዱ መልሱ ግን የሁሉም ነው፦ "ቀበቶው እንዳይወጣ የፑሌጃውን መሐል ጎድጎድ አድርገው፣ ጠርዙን ከፍ!"

ይህን የሰማ ሁሉ ራሱን ይነቀንቃል፤ ደግሞስ ምን ክፉ አለው? ውሃም የሚተኛው ጉድጓድ ውስጥ ነው። ጠፍጣፋ ቀበቶ ግን ውሃ አይደለም። እሱ የሚመስለው የሠርግ እንግዳን ነው፦ የትም ብታስቀምጠው ቀስ እያለ ከፍ ወዳለው ወንበር ይጠጋል። የፑሌጃው ጠርዝ ከፍ ካለ ቀበቶው ወደ ጠርዙ ይወጣል፣ ከጠርዙም ወደ መሐንዲሱ ግንባር። ስለዚህ መስመር የሚያስይዘው ፑሌጃ ሆዱ ነፋ ማለት አለበት፤ በ50 ሚሊሜትር ወርድ መሐሉ ከጠርዞቹ አንድ ሚሊሜትር ያህል ቢበልጥ ይበቃል። ቀበቶው መሐል ላይ ይወጣና ክብር እንዳገኘ ሰው እዚያው ይረጋል። ሞተሩ ላይ ያለው ፑሌጃ ሜዳ ቢሆን ችግር የለውም።

መሐንዲሱ ይህን በዓይኑ ካየ በኋላ "እኔስ ምን አልኩ?" ይላል። ማንም አይከራከረውም። አራተኛ ስኒ ይቀዳለታል።

ኩሽኔታው ላይም ጉድ አለ። ሞተር ላይ ላልተገጠመው ለእያንዳንዱ ነጻ ፑሌጃ ቁጥሩ 6202 የሆነ ሁለት ኩሽኔታ ያስፈልጋል፤ ቀዳዳው 15፣ ውጩ 35፣ ውፍረቱ 11 ሚሊሜትር ነው። ቁጥሩ ሲገዛ ከጎኑ ይነበብ፤ ጎማ ክዳን ያለው ይመረጥ፤ የብረት ክዳን የብረት ብናኝ ያሳልፋል። ከሁለቱ ኩሽኔታ መካከል የውስጥ ቀለበቶቹን ብቻ የሚነካ የቧንቧ ቁራጭ ይገባል። ያ ቁራጭ ከተረሳ ዳዶው ሲጠብቅ ኩሽኔታዎቹን ከጎን ይጨቁናቸዋል፤ ፑሌጃው በእጅ አይዞርም፣ በሞተር ቢዞር ይግላል፣ ያፏጫል። ያን ጊዜ "ቻይና ስለሆነ ነው" ይባላል።

ፍሬሙ ብዙ ወሬ የለውም። ቀበቶውን ለመወጠር ወጣ ገባ የሚለው ክንድ 40 በ40 ቱቦላሬ ሆኖ 50 በ50 ውስጥ ይገባል ይባላል፤ ይገባልም፣ ልክ ግን የለውም። የ50ው ግድግዳ 1.5 ሚሊሜትር ከሆነ ውስጡ 47 ነው፣ 40ው እንደ ጥርስ አልባ ምላስ ይወዛወዛል። በአራቱም ጎኑ 3 ሚሊሜትር ጠፍጣፋ ብረት ቢለበጥ 46 ይሆናል፤ ከውስጥ ያለው የቱቦላሬው ብየዳ መስመር በሞረድ ከተነሳ ይንሸራተታል። ከሥሩ የሞተር ሳይክል ማቆሚያ ሞላ ይገፋዋል። መስመር የሚያስይዘው ፑሌጃ በበር ማጠፊያ ላይ ይቆማል፤ ከኋላው አንድ ቡሎን ይገፋዋል። ቡሎኑ ሩብ ዙር ሲዞር ቀበቶው ይንቀሳቀሳል፤ ሙሉ ዙር ያዞረ ቀበቶውን ከመሬት ያነሳል። የመጀመሪያው ሙከራ ሞተሩ ጠፍቶ፣ በእጅ እያዞሩ ነው።

ከቀበቶው ጀርባ 6 ሚሊሜትር ጠፍጣፋ ብረት ይቆማል፤ ከፑሌጃዎቹ ፊት አንድ ሁለት ሚሊሜትር ወጣ ይበል። የእጅ ማሳረፊያው ከቀበቶው ከ2 ሚሊሜትር በላይ አይራቅ፤ ሰፊ ክፍተት ቢላውን ስቦ ይውጣል፣ ጣት ይከተላል። ቀበቶው ወደ ታች፣ ወደ ማሳረፊያው ይሩጥ፤ ጀርባው ላይ ያለው ቀስትም ወደሚሮጥበት ያመልክት። በተቃራኒው የገባ ቀበቶ መገጣጠሚያው በየዙሩ እየተነካ ይላጣል።

ስለ አለባበስ፦ ጋቢ ለብሶ መሞረድ የለም። ነጠላ፣ የተንዠረገገ ማተብ፣ ጓንትም የለም፤ ቀበቶው የያዘውን ክር ይዞት ይሄዳል፣ ክሩ ደግሞ ባለቤቱን። መነጽርና የአፍ መሸፈኛ አለ። ከሥር ውሃ ያለበት ባልዲ ይቀመጥ፤ ጠዋት እንጨት ተልጎበት ሰጋቱራው ሳይጠረግ ከሰዓት ብረት የተሞረደበት ማሽን በፍንጣሪ ይያያዛል፣ ለዚያውም ሰው ከሄደ በኋላ ቀስ ብሎ። የመሬት ሽቦው ከፍሬሙ ይታሰር። ካፓሲተሩ ሶኬቱ ተነቅሎም ኤሌክትሪክ ይዞ ይቆያልና በተራ አምፖል ሳያራግፉ አይነኩትም።

ማሽኑ አለቀ፤ ወሬው ግን ከብየዳው ቀድሞ ሰፈሩን ዞሯል። ዓመቱን ሙሉ ማንም አይመጣም። የፋሲካ ዋዜማ ግን ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ጀምሮ በር ይንኳኳል፦ "ልጄ፣ ይቺን ብቻ ነካ አድርግልኝ።" ይቺ ብቻ የተባለችው በጋዜጣ ተጠቅልላ ስትፈታ አራት ቢላ፣ አንድ መጥረቢያና እጀታዋ የወለቀ መቀስ ናት። ስምንት ቤት እንዲህ ይመጣል። ቢላዎቹ እንዳይቀያየሩ በየቀለሙ ክር ይታሰራሉ፤ ማታ ላይ ይቀያየራሉ።

ያን ቀን ደግሞ በየቤቱ ምጣድ ተጥዷል። ቮልቱ ከ220 ወደ 180 ሲወርድ የሞተሩ ጉልበት አንድ ሦስተኛ ያህል ይቀንሳል፤ ሞራጁ በዚህ ተናዶ ይጫናል፣ ሞተሩ ያቃስታል፣ ይግላል። እያጉረመረመ የማይዞር ሞተር ወዲያው ይጥፋ። በእጅ ሲገፋ የሚነሳ ከሆነ ካፓሲተሩ ደክሟል፤ መቀየር እንጂ እንደ ታክሲ እየገፉ ማስነሳት ሽቦውን ማቃጠል ነው።

ቀበቶውም ያረጃል። ያረጀ ቀበቶ አይቆርጥም፣ ያሽሻል፣ ያግላል። የስለቱ ቀለም ገለባ ሲመስል 220 ዲግሪ አካባቢ ደርሷል፣ ሰማያዊ ሲሆን ወደ 300 ቀርቧል፤ ያ ቢላ ከዚያ በኋላ ቅቤ እንጂ በግ አያይም። ዘዴው በባዶ እጅ ይዞ፣ ጣት ሲሞቀው ውሃ ውስጥ መንከር ነው። የጠፋ ስለት በ120 ቁጥር ቀበቶ ይጀመራል፣ በ240 ይጨረሳል፤ ቁጥሩ ባነሰ መጠን ቀበቶው ሻካራ ነው። በ40 ቁጥር "ቶሎ እንዲያልቅ" የሞረደ ሰው ቶሎ ያልቅለታል፤ አምና ዶሮ ይገነጥል የነበረው ቢላ ዘንድሮ ወረንጦ ሆኖ ይመለሳል፣ ባለቤቲቱም አመስግና ትወስደዋለች፤ ነጻ ነዋ።

በ240 ያለቀው ቢላ ግን ገና አልተሳለም። ጠርዙ ላይ ወደ አንድ ጎን የታጠፈ፣ በዓይን የማይታይ፣ በጥፍር የሚያዝ ስስ የብረት ቅርፊት ይቀራል። ይህን የሚያነሳው ሻካራ ነገር ነው፤ መሐንዲሱ ስለዚህ ልዩ ድንጋይ፣ ልዩ ቆዳ፣ ልዩ ቅባት ማብራራት ሲጀምር፣ ጥግ ላይ ረከቦታቸውን ይዘው የተቀመጡት እማማ ቢላውን ይቀበሉታል። ስኒ ይገለብጣሉ። የስኒው ቂጥ ላይ ያልተቀባችውን ሻካራ ቀለበት ይዘው ሁለት ጊዜ ወዲህ፣ ሁለት ጊዜ ወዲያ ሸርተት ያደርጉታል፤ ሽንኩርት ላይ ይሞክሩታል፤ ይመልሱታል።

"በሉ ቀጣዩን አምጡ" ይላሉ፣ "ደግሞ ያንን ነገር አጥፉልኝ፣ ሬዲዮ ልሰማበት።"