10,000 ኬሞ በአንድ ጊሽጣ

አቦ፣ ድሬ ላይ ሐኪም አነሰ የሚል ሰው ካለ ስልክ የለውም ማለት ነው።

ባለፈው ወር የአንዲት ጎረቤታችን ጡት ላይ እባጭ ተገኘ። ማክሰኞ ነገረችን። ረቡዕ ጠዋት ስልኳ ሞልቶ ነበር። ሎሚ በሙቅ ውኃ። ቤኪንግ ሶዳ በማር። ሽፈራው በባዶ ሆድ። የግመል ሽንት (ወተቱ አይደለም፣ ሽንቱ)። ስኳር ካቆምሽ ካንሰሩ በረሃብ ይሞታል የሚልም ነበር። ከላኪዎቹ ውስጥ ቤቷ ደርሶ "አላህ ያሽርሽ"፣ "እግዜር ይማርሽ" ያለ የለም። ምን ያደርጋል? ፎርዋርድ ተደርጓል እኮ። ከሳቢያን ሰፈር እስከ ከዚራ በዚህ ፀሐይ ማን ይሄዳል?

እነዚህን ሐኪሞቻችንን ላመስግን ነው የተነሳሁት። በተለይ ከሰዓት ላይ፣ ሙቀቱ ከተማውን ሲያስተኛና በርጫው ሲደምቅ፣ ምርቃናው ከፍ ባለ ቁጥር ማዕረጋቸውም ከፍ የሚለውን። ስምንት ሰዓት ላይ ነርስ የነበረው ጀመዓ አሥር ሰዓት ላይ ስፔሻሊስት ነው።

ከሁሉ በላይ የማደንቀው ግን የጊሽጣውን መልእክት ነው። "ጊሽጣ ከኬሞ 10,000 እጥፍ ይበልጣል። የመድኃኒት ፋብሪካዎች ደብቀውታል። ለምትወዱት ሰው ላኩ።" ኬሞ እንግዲህ ሆስፒታል የሚሰጠው የካንሰር መድኃኒት ነው።

እስቲ እናስላው። ቀፊራ ገበያ የምትሸጠዋ ሴትዮ ዘንቢሏ ውስጥ 30 ጊሽጣ አላት እንበል። 300,000 ኬሞ ማለት ነው። ይህን ሁሉ ይዛ ጥላ ሥር ቁጭ ብላ ዝንብ ታባርራለች። ዘበኛ የለ፣ አጃቢ የለ። በባጃጅ ስትመጣ ሹፌሩ ሳያውቀው ታክሞ ነው የሚያወርዳት። ዝንቧስ? አንዴ ዘንቢሉ ላይ ያረፈች ዝንብ ልጅ ልጆቿም ካንሰር አይነካቸውም። ደቻቱ ወንዝ ዳር ልጣጩን የምታመነዥከው ፍየልስ? ድሬ ላይ ኬሞ የምትወስድ ፍየል አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔም አላየሁም። በቃ ተረጋገጠ። ልጅ ሆነን ከትምህርት ቤት ስንመለስ አንድ ጊሽጣ ለአራት ተካፍለናል። ለእያንዳንዳችን 2,500 ኬሞ ደርሶናል፤ ፀጉራችን እንኳ አልረገፈም። ፋብሪካዎቹ ደብቀውታል የሚለውም ትክክል ነው። የደበቁት ቀፊራ መሃል፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ከማንጎው አጠገብ፣ ሴትዮዋ "ጊሽጣ! ጊሽጣ!" እያለች የምትጮህበት ቦታ ነው።

ቁጥሯ ግን ዝም ብላ አልተፈጠረችም። በፈረንጆች 1996 ተመራማሪዎች ከአንድ የጊሽጣ ዘመድ ዘር ውስጥ ንጥረ ነገር አወጡ። ብልቃጥ ውስጥ ባለ የአንጀት ካንሰር ሕዋስ ላይ ሞከሩት። አድሪያማይሲን ከሚባለው የኬሞ መድኃኒት 10,000 እጥፍ በረታ። ብልቃጥ ውስጥ ነው እንግዲህ። ብልቃጥ ውስጥማ በረኪናም ካንሰር ይገድላል። ደግሞ የተገኘው ከዘሩ ነው፤ እኛ እንትፍ ከምንለው። ይህን ጽፌ ሳልጨርስ "ዘሩን ፈጭታችሁ ጠጡ" የሚል እንዳይነሳ ፈራሁ። ዘሩ መርዝ ነው። ቅማል የሚገድሉበት አገር አለ።

የሎሚ ፕሮፌሰሮችም አይረሱ። ሎሚ ደምን አልካላይን (የአሲድ ተቃራኒ) ያደርጋል ባዮች ናቸው፤ እነሱ ማስረጃ ይጠቅሳሉ። "ካንሰር አልካላይን ውስጥ አይኖርም፤ ዋርበርግ በ1931 ኖቤል የተሸለመው ለዚህ ነው።" ዋርበርግ የሚባለው ጀርመናዊ ሳይንቲስት በፈረንጆች 1931 መሸለሙ እውነት ነው። የተሸለመው ግን ሕዋስ የሚተነፍስበትን ኢንዛይም ስላጠና ነው። ሎሚ አልጨመቀም። የደማችንን የአሲድና የአልካላይን ሚዛን (ፒኤች) ደግሞ ሳንባና ኩላሊት ከ7.35 እስከ 7.45 ጠፍረው ይይዙታል። አንድ ኩንታል ሎሚ ብትጠጡ ጥርሳችሁ ነው የሚያልቀው።

እዚህ ጋ ቀልድ አልችልም። በፈረንጆች 2018 የታተመ አንድ የአሜሪካ ጥናት አለ። መደበኛውን ሕክምና ትተው በሌላ ነገር ብቻ ከካንሰር ለመዳን የሞከሩ ሰዎች የመሞት አደጋቸው 2.5 እጥፍ ሆኖ ተገኘ። የጡት ካንሰር ላይ ከ5 እጥፍ በላይ። አንዲት ሴት ጭማቂ ስትጨምቅ የከረመችበትን ስድስት ወር ማን ይመልስላታል? እባጩ አይጠብቃትም። ላኪው መላኩን እንኳ ረስቶታል። ለቅሶ ቤት ይመጣና፣ ሻይ እየጠጣ፣ "ጊዜዋ ደርሶ ነው" ይላል። የሷ ጊዜ ነው የደረሰው ወይስ የሱ መልእክት?

ይሁን። ትክክለኛውን መረጃ የሚጽፉትንም ላመስግን፤ ያለነሱ እርዳታ ጊሽጣ እዚህ አይደርስም ነበር። የአሜሪካ ሐኪሞች ማኅበር ለታካሚ የሚጻፍ ነገር ከ6ኛ ክፍል ንባብ በላይ እንዳይከብድ ይመክራል። የኛዎቹ ግን ሰው ማክበር ያውቃሉ። "ከኒዮአድጁቫንት ቴራፒ በኋላ የሚደረግ የአክሲላሪ ስቴጂንግ" ብለው ይጀምሩና፣ "ለበለጠ መረጃ ሐኪምዎን ያማክሩ" ብለው ይጨርሳሉ። መሃሉን ያነበበ ሰው እስካሁን አላገኘሁም።

የጎረቤቴ የናሙና ውጤት የመጣው በእንግሊዝኛ ነው። ልጇ ስልኳ ላይ አስተረጎመችው። "ሆርሞን ተቀባይ፦ አዎንታዊ። ሊምፍ ኖድ፦ አዎንታዊ። መድረክ፦ ሁለት።"

"አዎንታዊ ካለ ጥሩ ነው አይደል?" አለች እናትየው። አክስትየዋ እልል ልትል አፏን ከፍታ ነበር።

የመጀመሪያው አዎንታዊ ካንሰሩ በሆርሞን የሚያድግ ነው፣ ሆርሞኑን የሚከለክል መድኃኒት ይሠራበታል ማለት ነው። ሁለተኛው ካንሰሩ ብብቷ ሥር ደርሷል ማለት ነው። አንድ ቃል፣ በአንድ ወረቀት ላይ፣ አንዴ ተስፋ አንዴ መርዶ። መድረኩ ደግሞ ቲያትር አይደለም፣ ደረጃ ነው። ይህን የነገራት ሐኪሙ ነው፤ ሐረር ድረስ ሄዳ፣ ወረፋ ጠብቃ፣ በአምስት ደቂቃ። የጊሽጣው መልእክት ግን ሦስት ዓረፍተ ነገር ነው፣ ጥርት ባለ አማርኛ። አያቴ ያለመነጽር ታነበዋለች።

ጎረቤቴ ሕክምናዋን ጀምራለች። ስልኳን ልጇ ይዛላታለች።

ቅዳሜ ቀፊራ ወረድኩ። ሴትዮዋ ጥላዋ ሥር ናት። ጊሽጣ አንስቼ ጫን ጫን ሳደርግ ቀና ብላ አየችኝ።

"ለበሽተኛ ነው ለመብላት?"

"ልዩነት አለው እንዴ?"

"ለበሽተኛ ይወደዳል።"

"ለመብላት" አልኳት። ሁለት መረቀችልኝ።