ሰኔ ሚካኤልን ከንጉሥ ጆርጅ ወታደሮች ጋር

«በጣም ደስ ይላል፤ ግን ወረቀት አለሽ?»

ይህችን ጥያቄ ከሰማሁ ሦስት ሳምንት ሆነኝ፤ እስካሁን ጆሮዬ ላይ ናት። የጠየቀችኝ ሴትዮ ክፉ አይደለችም። ሻይ ቀድታልኝ፣ ኬክ ቆርሳልኝ ነው የጠየቀችኝ። ያንገበገበኝም ይኸው ነው፤ ሰድባኝ ቢሆን መልሼ ሰድቤ እገላገል ነበር።

ካናዳ ውስጥ፣ ኦንታሪዮ ሐይቅ ዳር ባለች ትንሽ ከተማ፣ ቤት ለቤት እየሄድኩ አረጋውያንን እረዳለሁ። ከማስታምማቸው አንዷ 88 ዓመታቸው ነው። እዚህ ትልቅም ትንሽም በስሙ ስለሚጠራ «በስሜ ጥሪኝ» ብለውኝ ነበር፤ አፌ እሺ አላለኝም። «እማማ» አልኳቸው። ትርጉሙን ስነግራቸው ወደዱት፤ አሁን ስልክ ሲደውሉልኝ ራሳቸው «እማማ ነኝ» ይላሉ። እኚህ እማማ የአንድ ማኅበር አባል ናቸው። መኪና መንዳት ካቆሙ ወዲህ ወደ ማኅበራቸው የማደርሳቸው እኔ ነኝ፤ አድርሼም ጥዬ አልሄድም፣ ጥግ ይዤ እቀመጣለሁ። የምታዘበውም ከዚያ ጥግ ነው።

ማኅበሩ የሎያሊስት ልጆች ማኅበር ነው። ሎያሊስት ማለት፣ አሜሪካኖች በእንግሊዙ ንጉሥ በጆርጅ 3ኛ ላይ ሲነሡ «እኔ ንጉሤን አልክድም» ብሎ የቀረ ሰው ነው። (ዓመተ ምሕረቱን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጽፈው፣ አትቀየሙኝ።) ብዙው ዋጋውን ከፍሏል። ጎረቤቱ ቅጥራን ቀብቶ ላባ የነሰነሰበት አለ፤ ቤቱንና መሬቱን የተወረሰ አለ። በ1783 ጦርነቱ በንጉሡ ሽንፈት ሲያልቅ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች አገር ጥለው ወጡ። ብዙዎቹ ዛሬ ኖቫ ስኮሺያና ኒው ብረንዝዊክ ወደሚባለው የባሕር ዳር አገር ሄዱ፣ ጥቂት ሺዎቹ ደግሞ እኔ ወዳለሁበት ወደዚህ መጡ። ጁን 16 ቀን 1784 አንድ ጓድ አዶልፈስታውን ከሚባለው ቦታ በጀልባ ደርሶ ድንኳን ተከለ። መንግሥት ስንቅ፣ መጥረቢያና ዘር ሰጣቸው። ዛሬ በሐይቁ ዳር የሚሄደው 33 ቁጥር መንገድ በስማቸው ነው የሚጠራው።

ይቅር ይበለኝ፣ ታሪኩን መጀመሪያ ስሰማ አፌ ላይ የመጣው ቃል «ባንዳ» ነበር። የአርበኛ የልጅ ልጅ ነኝ፣ ምን ላድርግ። ቆይቼ ሳስበው ግን ቃሉ አልገጥም አለኝ። ሰዎቹ ከዳተኛ የተባሉት ባለመክዳታቸው ነው፤ አርበኛ እንዳልላቸው ደግሞ ያሸነፉት እነዚያኞቹ ናቸው። ለማንኛውም እማማን አልነገርኳቸውም።

የበለጠ የገረመኝ ሌላ ነው። እማማ ስለ አያት ቅድመ አያቶቻቸው ሲያወሩ «ስደተኞች ነበሩ» ይላሉ፣ አንገታቸውን ቀና አድርገው። እኛ ይህን ቃል ኢንተርቪው ላይ በጭንቅ ተናግረነው፣ ወረቀታችን ሲመጣ እንደ ቆሻሻ ልብስ አውልቀን የጣልነው ነው። እሳቸው ከ240 ዓመት በኋላ በፍሬም አድርገው ሳሎን ሰቅለውታል።

ኦንታሪዮ ውስጥ የሎያሊስት ቀን ጁን 19 ነው። በእኛ ስቆጥረው ሰኔ 12፣ ሚካኤል! ቶሮንቶ ሄጄ ላነግሥ ነጠላዬን አጥቤ ተኩሼ ነበር። እማማ ማክሰኞ ማታ ደወሉ፤ «ነገ ባንዲራ መስቀያው ላይ ታደርሽኛለሽ አይደል?» ታቦቱን ትቼ ማዘጋጃ ቤት ደጃፍ ቆምኩ።

የሰቀሉት የዱሮውን የእንግሊዝ ባንዲራ ነው፤ ከ1801 በፊት የነበረውን፣ ቀዩ ሰያፍ መስመር ያልተጨመረበትን። ከጎኑ የካናዳው ባለቅጠል ባንዲራ ይውለበለባል። ሁለት ባንዲራ ጎን ለጎን፣ እና ማንም ከማንም አልተጣላም! እኛ ኮሚዩኒቲ አዳራሽ ውስጥ ኮከብ አለው፣ የለውም፣ አንበሳ ይኑርበት፣ ልሙጡ ይሁን እየተባለ ስንት ሠርግና ስንት እግር ኳስ እንደተበጠበጠ የምታውቁት ነው።

ሽማግሌዎቹ ቀይና አረንጓዴ የወታደር ኮት ለብሰው፣ ባለ ሦስት ጥግ ባርኔጣ ደፍተው፣ ረጅም ጠመንጃ ይዘው ተሰለፉ። ሴቶቹ ቆብና ሽርጥ አድርገዋል። ካላፊ አግዳሚው የሚስቅባቸው ጎረምሳ አልጠፋም። እኔ አልሳቅኩም። ሚያዝያ 27 አራት ኪሎ ሐውልቱ ሥር ጎፈር ደፍተው፣ ጋሻ አንግበው፣ ሜዳይ ደርድረው ሲፎክሩ ያየሁዋቸው አባቶች ትዝ አሉኝ። ልዩነቱ የእኛዎቹ ያዩትን ነው የሚፎክሩት፤ ካሉም።

ከሰዓት አዳራሽ ገባን። ቃለ ጉባኤ ተነበበ፣ የገንዘብ ያዥ ሪፖርት ቀረበ፣ ለባንዲራ ገመድ የወጣው 40 ዶላር ለምን ደረሰኝ እንደሌለው ግማሽ ሰዓት ተከራከሩበት። ዓይኔን ብጨፍን የሰፈራችን እድር ነው። ምሳው ሁሉም ከየቤቱ ያመጣው ነው፤ ስለ ጣዕሙ ዝም ብል ይሻላል፣ እማማ የሠሩትም ስላለበት።

ቀጥሎ የምስክር ወረቀት ተሰጠ። ከተሸለሙት አንዱ ገና ፊደል የቆጠረ የሚመስል ልጅ ነው። ነገሩ የተጀመረው በ1789 ነው። ሎርድ ዶርቸስተር የተባለው ገዢ፣ ለንጉሡ የቆሙት ቤተሰቦችና ዘራቸው የክብር ምልክት ይኑራቸው ብሎ ወሰነ። ስለዚህ ዘሩን ያስመሰከረ ሁሉ ዛሬም ከስሙ በኋላ «ዩ.ኢ.» የሚሉ ሁለት ፊደላት ይጽፋል፤ የኢምፓየሩ አንድነት ማለት ነው። የእኛ ግራዝማችና ቀኛዝማች ከስም በፊት ነው፣ የእነሱ ከስም በኋላ። በ1914 በፓርላማ ሕግ የቆመ አገር አቀፍ ማኅበር አላቸው፤ ምስክር ወረቀቱን የሚሰጠው እሱ ነው። ለማግኘት ግን ከራስህ እስከዚያ እስከ መጀመሪያው ስደተኛ ድረስ እያንዳንዱን ትውልድ በሰነድ ማያያዝ አለብህ። የልደት፣ የጋብቻ፣ የሞት፣ የጥምቀት መዝገብ፣ ኑዛዜ። አንዲት ቀለበት ከተበጠሰች የለህም። እማማ ስምንት ትውልድ ለማያያዝ አራት ዓመት ፈጅቶባቸዋል።

የዕለቱ ተናጋሪ ስለ ጥቁሮቹ ሎያሊስቶች አወራ፤ እኔን ከጥጌ ያወጣኝ ይህ ነው። እንግሊዞች «ከአመፀኛ ጌታው አምልጦ ወደ እኛ የመጣ ባሪያ ነፃ ነው» ብለው አውጀው ነበርና ብዙዎች አመለጡ። በ1783 ከኒው ዮርክ ሲወጡ 3,000 ያህሉ ስማቸው፣ ዕድሜያቸው፣ መልካቸው ሳይቀር በመዝገብ ተጻፈ። የተጻፈው ለክብራቸው አይደለም፤ አሜሪካኖቹ «ንብረታችን ናቸው» ብለው ካሳ ቢጠይቁ ለመተሳሰብ ነው። ኖቫ ስኮሺያ ሲደርሱ የተሰጣቸው መሬት ድንጋይ ነበር፣ ያውም ለተሰጠው። በ1784 ሼልበርን ላይ ነጮቹ ተነሥተው ቤታቸውን አፈራረሱባቸው። በ1792 ወደ 1,200 የሚሆኑት በ15 መርከብ ተሳፍረው ሴራሊዮን ገቡ፣ ፍሪታውንን ቆረቆሩ። ተናጋሪው አንድ ነገር አልደበቀም፤ ወደዚህ ወደ ኦንታሪዮ የመጡት ነጭ ሎያሊስቶች አንዳንዶቹ ባሪያዎቻቸውን እየነዱ ነው የመጡት። ይህን ሲል አዳራሹ ጉሮሮውን ጠራረገ።

ከዚያ ስለ አንድ ሰው ነገረን፣ ሪቻርድ ፒርፖይንት። ዛሬ ሴኔጋል በሚባለው አገር፣ ቡንዱ ተወለደ፤ በልጅነቱ ተሸጠ፤ ለንጉሡ ተዋጋ፤ ኦንታሪዮ መሬት አገኘ። በ1821፣ ሸምግሎ፣ ለገዢው ማመልከቻ አስገባ። የጠየቀው አንድ ነገር ነው፣ ወደ ተወለድኩበት አገር መልሱኝ። አልመለሱትም። በምትኩ 100 ኤከር ጫካ ሰጡት። ሲሞት ወራሽ እንደሌለው ኑዛዜው ላይ አስፍሯል። እንግዲህ በሱ ስም ወረቀት ይዞ የሚመጣ ልጅ የለም።

ዓይኔ እንባ አቅርሯል፤ ቀና ስል አዳራሹ በሙሉ እኔን ያየኛል። ከአዳራሹ ጥቁር እኔ ብቻ ነኝ! ሻይ ላይ ያቺ የትውልድ ሐረግ የምታጣራው ሴትዮ መጣች። «ምናልባት አንቺም ከነዚህ ቤተሰቦች ትወለጂ ይሆን?» አለችኝ፣ በቅንነት። «እኔ የመንዝ ሰው ነኝ» አልኳት። መንዝን ከየት ታውቀዋለች? አስረዳኋት፤ ያኔ ነው ኩራቴ የተነሣው። የአያቴን ድምፅ አስመስዬ፣ እጄን እየቆጠርኩ፣ አባት፣ አያት፣ ቅድመ አያት፣ ምንጅላት፣ እንጅላት እያልኩ ሰባት ቤት ወረድኩላት። በእናቴም በኩል አምስት ጨመርኩ። ሰዎች ኬካቸውን ይዘው ዞሩን። ልጨርስ ስል ልታጨበጭብ መስሎኝ ነበር።

«በጣም ደስ ይላል፤ ግን ወረቀት አለሽ?»

ማታ አልጋ ላይ ሆኜ የምመልስላትን አገኘሁ፣ እንደ ሁልጊዜው ከረፈደ። የእናንተም ወረቀት ቢሆን የመሬት ወረቀት ነው! ለሎያሊስት ልጅ፣ ወንድም ይሁን ሴት፣ 200 ኤከር ይሰጥ ስለነበር ሁሉም «የእገሌ ልጅ ነኝ» ብሎ አመለከተ፤ ዛሬ የምትመዘግቡት ያንን ማመልከቻ ነው። እኛም ዘር የቆጠርነው ለመሬት ነው። አጽመ ርስቱን የሚል ሁሉ ዳኛ ፊት ቆሞ እስከ አቅኚው አባት ድረስ በአባቱም በእናቱም መቁጠር ነበረበት፤ አንድ ስም የዘለለ ረታ ማለት ዘበት ነው፣ ባላንጣው እዚያው ቆሞ ያርመዋል። ያ ባላንጣ ከየትኛው ማኅተም ያንሳል? የካቲት 1967 በእኛ አቆጣጠር መሬት ለአራሹ ሲታወጅ ክርክሩ ቀረ። መቁጠሩም አብሮ ቀረ። አባቴ ሰባት ያውቃል፣ እኔ ሰባት በቃሌ፣ ታናሽ ወንድሜ ሦስት፣ እዚህ የተወለደው ልጄ አንድ፤ እሱንም «ላስት ኔሜ» ብሎ ነው የሚያውቀው።

ደግሞ አገራችን ወረቀት የለም የሚል ሰው ውሸታም ነው። ወረቀት ሞልቷል! ለመታወቂያ እድሳት፣ ለላጤነት ማስረጃ፣ ለውክልና ስንት ቀን ተሰለፍኩ? አያቴ የአርበኝነት ወረቀት ነበራቸው፣ ከነሜዳዩ። ለቤት ጉዳይ «ኦሪጅናሉን አምጡ» ተባለ፣ ተወሰደ፣ ፋይሉ ጠፋ። ሜዳዩን ደግሞ አንድ ዘመድ ለሚያዝያ 27 ሰልፍ ተዋሰ፤ ይኸው ስንት ሚያዝያ።

የማኅበሩ ሰዎች በጋ በገባ ቁጥር ጫካ የዋጠው መቃብር ፈልገው ሣሩን ያጭዳሉ፣ ድንጋዩን በለስላሳ ብሩሽና በውኃ ብቻ ያጥባሉ (በረኪና ነክተሽ እንዳትገኚ!)፣ «እዚህ ሎያሊስት አርፏል» የሚል ሰሌዳ ይተክላሉ። የሁለት መቶ ዓመት ሬሳ። የእኔ አያት በሞቱ በ19 ዓመታቸው ቤተ ክርስቲያኑ «ቦታው ለልማት ስለሚፈለግ አጽም አንሡ» ብሎ ማስታወቂያ ለጠፈ። እኔ እዚህ፣ ወንድሜ ዱባይ፣ አጎቴ ታሞ ተኝቶ። ቀኑ አለፈ። ባለፈው ስሄድ መቃብሩ የነበረበት ቦታ ላይ ባለ ሁለት ፎቅ ቆሟል፣ ምድር ቤቱ የሞባይል መለዋወጫ ይሸጣል። ቻርጀር ገዛሁ። ምን ልበል፣ ሻጩ ልጅ ቆሜ ሳፈጥበት ፈራኝ።

እሑድ ለአጎቴ ደወልኩ። የአያቴን የልደት ዓመት፣ የቅድመ አያቴን የጋብቻ ዓመት፣ የምንጅላቴን ሙሉ ስም እንዲነግረኝ፣ ቄሱም ካሉ የክርስትና ስማቸውን እንዲጠይቅልኝ ለመንኩት። ቅጹን ከፊቴ ዘርግቻለሁ፤ ሴትዮዋ «ለራስሽ ታሪክም ቢሆን ሙዪው» ብላ የሰጠችኝን።

«አባባ የተወለዱት መቼ ነው፣ ጋሼ?»

«አንበጣ በመጣ በዓመቱ።»

«ስንት ዓመተ ምሕረት?»

ዝም አለ። ሳል ሳለ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ሰው እንዳይሰማው፦

«አንቺ ልጅ፣ እውነቱን ንገሪኝ። ፈረንጆቹ መሬት ሊሰጡሽ ነው እንዴ?»