ውዳሴ ፌስታል

የጥር ሠርግ አልቆ ሁዳዴ ሊገባ ነው፤ ሳይረሱ ጀግኖቻችንን እናወድስ። የዘንድሮ ሙሽሮችንና ሚዜዎችን ማለቴ ነው፤ ከኅዳር ጀምረው በየጂሙ ጥቁር ፌስታል ለብሰው ቦርጫቸውን ሲያቀልጡ የከረሙትን።

ጥበቡን ላላያችሁ ልንገራችሁ። ትልቁ የቆሻሻ ፌስታል ቂጡ ላይ ለአንገት ይቀደዳል፣ ግራና ቀኙ ለእጅ። በላዩ ሹራብ፣ በሹራቡ ላይ ጃኬት። ከዚያ ትሬድሚል ላይ ወጥቶ እየተንኮሻኮሹ መሮጥ ነው። ጀግናችን ሲወርድ እጁን ዘቅዘቅ ያደርጋል፤ ላቡ በእጅጌው ጠብ ጠብ ሲል ጓደኛው ወለሉን አይቶ «አየኸው? ስቡ!» ይለዋል። ስብ ሲቃጠል አብዛኛው የሚወጣው በትንፋሽ ነው የሚሉ ሰዎች አሉ፤ ልክም ናቸው። ግን ትንፋሽ መሬት ላይ አይንጠባጠብ፣ ፎቶ አይነሳ፤ ማን ያምነዋል?

ከጂም ቀጥታ ወደ ሚዛን ነው። አስፋልት ዳር ሚዛኑን አስቀምጦ አላፊ አግዳሚውን የሚመዝነውን ልጅ ታውቁታላችሁ። ጀግናችን ጫማውን ያወልቃል፣ ቀበቶውን ይፈታል፣ ስልኩንና ቁልፉን ለልጁ ያስይዛል፤ ጥርሱ ቢወልቅለት እሱንም ያስይዝ ነበር። ከጠዋቱ በአንድ ኪሎ ተኩል ወርዷል። እልል! ወዲያው ከጎን ካለው ሱቅ አንድ ሊትር ተኩል ውሃ ገዝቶ እዚያው ቆሞ ይጨልጠዋል። ሒሳቡን ለእናንተ ትቻለሁ።

በምግቡ በኩል ጽድቁ ድርብ ነው። ኅዳር 15 የገባው ጾመ ነቢያት ሥጋና እንቁላሉን አስቀርቶለታል፤ እሱ ደግሞ በራሱ ፈቃድ ሽሮውንና ምስሩን ጨመረበት፣ «ያወፍራል» ብሎ። በ100 ግራም ጥሬ ምስር ውስጥ 25 ግራም ገደማ ፕሮቲን አለ ብትሉት በሐዘኔታ ያያችኋል። ፕሮቲን ለእሱ ባልዲ በሚያህል ጣሳ ከውጭ የሚመጣ ዱቄት ነው፤ እሱም ከወተት ስለሚሠራ ለጊዜው ቆሟል። የቀረው ሎሚ በሙቅ ውሃ ነው። 80 ኪሎ የሚመዝን ሰው ብረት እያነሳ፣ ጡንቻውን ሳይጥል ልክሳ ካለ በቀን 130 ግራም ገደማ ፕሮቲን ይፈልጋል። ያን ያህል ከሎሚ እናግኝ ካልን አትክልት ተራን በሙሉ ኮንትራት መያዝ ሊኖርብን ነው።

ብረቱስ? 80 ኪሎ ይገፋበት የነበረውን ቤንች፣ ማለትም በጀርባ ተጋድሞ ከደረት ወደ ላይ የሚገፋውን ብረት፣ 40 አደረገውና ድግግሞሹን አበዛው። «አሁን ቅርጽ ነው የማወጣው» አለ። አሠልጣኙ ለመነው፤ የተራበ ሰውነት የሚያስቀረው ሥራ ያለውን ጡንቻ ነው፣ ከባድ ነገር ካላሸከምከው ከስቡ ጋር አብሮ ይሸኘዋል አለው። ጀግናችን ግን አያዳላም። ስብም ይሂድ፣ ጡንቻም ይሂድ፤ ሚዛኑ ላይ ሁሉም ኪሎ ነው። እንዲህ ያለ ፍትሕ በዚህ ዘመን የት ይገኛል?

እዚያው ጂም ጥግ ላይ አንድ ደብተር የያዘ ሰው አለ፤ ስሙን የሚያውቀው የለም። ስኳት (ብረት ትከሻ ላይ ተሸክሞ ቁጭ ብድግ) ይሠራና «90 ኪሎ፣ አምስት ጊዜ» ብሎ ይጽፋል፤ ሰንበትበት ብሎ 92.5 ያደርገዋል። ከሰውነቱ በሳምንት ቢቀንስ ግማሽ ኪሎ ነው፤ አንዳንድ ሳምንት እሱም የለም። ምሳውን በሰዓቱ ይበላል፣ ማታ በጊዜ ይተኛል። ከሩቅ የሚታይ ለውጡ ቀበቶው ላይ የበሳው አዲስ ቀዳዳ ብቻ ነው። እንዲህ ዓይነቱን አሰልቺ ሰው ምን ብለን እናወድሰው? ሚዜ ሁንልኝ የሚለው እንኳ አልተገኘም።

የሠርጉ ዕለት ጀግናችን ዘጠኝ ኪሎ ቀንሶ ብቅ አለ። ሱፉ የተለካው በኅዳር ነበርና ትከሻው ላይ ወድቋል፤ ደረቱ ሁለት ሰው ያስገባል፤ ሆዱ ላይ ግን ልኩ ነው። ትከሻ ከዳው፣ ክንድ ከዳው፣ ቦርጭ ብቻ እንደ ታማኝ ሚዜ ከጎኑ ሳይጠፋ ቆመ። አክስቱ ጉንጩን ይዘው «ምነው ልጄ፣ አሞህ ነበር እንዴ?» ሲሉት፣ «ኧረ እትዬ፣ ስፖርት ነው!» አለ በኩራት። እሳቸው ግን አላመኑትም፤ ሦስት ቁራጭ ሥጋ ሳህኑ ላይ ጨመሩለት።

ከዚያማ የመልሱ ዶሮ፣ የቅልቅሉ ክትፎ፣ የቅበላው ቁርጥ ተከታተለ። ርቦት የከረመ ሰውነት ያገኘውን አይመልስም፤ ብረት የሚያነሳ ስለሌለም ተመልሶ የመጣው ስቡ ብቻ ነው። ሰፈሩ የሞላውን ፊትና የተወጠረውን ሸሚዝ አይቶ «ትዳር ተስማማው!» አለ። ሙሽሪትም ገና አንድ ወጥ ሳትሠራ ባለሙያ ተባለች።